ምድር የምትነቃነቅበት ወር

በዚያ የጳጉሜ ማለዳ የሠራሁትን ሞኝነት እኔ ባላወራው ጎረቤቶቼ ማውራታቸው አይቀርም። ስለዚህ ቀድሜ ላውራው፤ ቢያንስ ትንሽ አሳምረዋለሁ።

አልጋዬ ተነቃነቀ። መጀመሪያ በዝግታ ነበር፣ ሰው እንደሚቀሰቅስ እጅ። ከዚያ የራስጌው ግድግዳ ተንገጫገጨ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተንኳኩ፣ ከጣራው ሥር የደረቀ ምርጊት ግንባሬ ላይ ረገፈ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ፈጥኜ ከአልጋ ወርጄ አላውቅም። አንድ እግሬን ሱሪ ውስጥ ከትቼ ሌላውን ረስቼ፣ ጋቢዬን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ ወደ ግቢ ወጣሁና በቀረችኝ ጉሮሮ ሁሉ ጮህኩ።

«ወገን! ውጡ! መሬት ተናወጠች! ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ!»

እንጅባራ ላይ በዚያ ብርድ ሰው ከአልጋው የሚነሳው ወይ ለቅዳሴ ነው ወይ ሽንት ሲይዘው ነው። ለእኔ ሲል ግን ሰፈሩ ሁሉ ተነሳ። ሴቱ ልጁን አዝሎ ወጣ። አንዱ ጎረቤቴ ቴሌቪዥኑን ታቅፎ ብቅ አለ፤ ሚስቱ ከኋላው «እኔስ?» ትለዋለች። ሁላችንም ጭቃው ላይ ቆመን ቤቶቻችን እስኪወድቁ ጠበቅን። ቤቶቹም ቆመው እኛን ጠበቁን።

ከዚያ ባለ ፈረሱ ጎረቤቴ በቤቴ ጀርባ ዞሮ ሄደና ከዚያው ጠራኝ። «መምህር! ይምጡና ርዕደ መሬትዎን ይዩት!»

ፈረሱ ነበር። ክረምቱን ሙሉ የለበሰውን ጭቃ ትናንት ከሰዓት ብቅ ያለችው ፀሐይ አድርቃበት ኖሮ፣ ሌሊት ገመዱን ፈትቶ መጥቶ፣ ከሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ የእኔን ራስጌ መርጦ መቀመጫውን ያክካል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን አንጠልጥሎ፣ ደስ ብሎት።

«በሬክተር ስንት ደረሰ መምህር?» አለ ባለ ቴሌቪዥኑ።

«አንድ ፈረስ ነዋ!» አለች ሚስቱ።

እኔም ከማንም በላይ ሳቅሁ። ሌላው የሱሪ እግር እንዳልገባ ያሳየችኝም እሷው ናት። ሳቄ ካለቀ በኋላ ግን የራስጌዬን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በመዳፌ እየዳሰስኩ ስንጥቅ ፈለግሁ።

ፀሐይና ወቅት ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ግንኙነት አላቸው ብለው ለሚከራከሩ ሰዎች ከእኔ ቤት የተሻለ ማስረጃ የት ይገኛል? ዝናብ ዘነበ፣ ፈረሱ ጨቀየ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ጭቃው ደረቀ፣ ቆዳውን አሳከከው፣ ቤቱ ተናወጠ። አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዞ ይሄዳል። የጎደለው በቤቱ ጀርባ ዞሮ ማየት ብቻ ነበር።

ሰፈሩ ገና ሲስቅብኝ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ነው፣ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ካለችው መንደራችን።

«አጎቴ፣ እማዬ አሁንም ቤት አልገባም ብላለች። ሌሊቱን ስታስል አደረች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ትናንት መጥታ ሳንባ ምች ነው፣ በዚህ ብርድ ውጭ ማደሯን ካላቆመች መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም ብላናለች።»

«ሐኪም ቤትስ አትወስዷትም?»

«የሐኪም ቤቱ ግድግዳ ከእኛው ይከብዳል ትላለች። አጎቴ፣ እርስዎ ያሉትን ራስዎ መጥተው ካልመለሱት የማንንም አትሰማም።»

እኔ ያልኩት ምን መሰላችሁ። ፍልሰታ የተፈታ ለት እህቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። በዚያ ሰሞን ስልኩም ሬዲዮኑም የሚያወራው ሁለት ነገር ነው፤ በምሥራቅ በኩል፣ በአፋር ምድር፣ መሬት ትናወጣለች፤ ሰማይ ላይ ደግሞ ፀሐይ ትነሳሳለች። በጉ እስኪቀርብ የተቀቀለ ድንች ይዘን ተቀምጠን ሳለ አንዱ ሽማግሌ «መምህር፣ ይህ ነገር ወደ እኛ ይመጣ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜ ልኩን ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ሲጠየቅ ዝም ማለት አይሆንለትም። የማያውቀውን ሲጠየቅ ደግሞ ይብስበታል።

ተነስቼ ቆምኩ። ፀሐይ የራሷ ዘመን አላት አልኩ፤ በየአሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ ፊቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይበዛል፣ ትቆጣለች፣ ማዕበል ትረጫለች፣ ከዚያ ትበርዳለች። አሁን የቁጣዋ ጊዜ ነው። ያ ማዕበል መሬትን ሲነካ፣ ለመንሸራተት ተዘጋጅቶ የቆየ አለት ካለ ገፋ ያደርገዋል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ክረምቱንም የሚጠረጥሩ አሉ፤ የዝናቡ ውኃ መሬቱ ላይ ይከብዳል፣ ወደ ስንጥቁ ይሰርጋል፣ ከታች ያለውን ያላላል። ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ነገር ነበር፤ በጥንቃቄ የቆጠሩት አብዛኞቹ ይህ ግንኙነት ወይ እጅግ ደካማ ነው፣ ወይ ከናካቴው የለም ማለታቸው። እሱንም ተናግሬያለሁ። ግን ድንች ጎርሼ ነው የተናገርኩት።

እህቴ ከጓዳው በር ቆማ ስትሰማ ቆይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ወሩ መቼ ነው?»

ሰው ሁሉ ዓይኑን ጥሎብኛል፤ እኔም ሳቅ እወዳለሁ። «ክረምቱ ሲወጣ ነዋ እታለም! ውኃው ገብቶ፣ ፀሐይዋ ስትመታ፣ እንዲህ!» ብዬ ትኩሱን ድንች ለሁለት ፈነከትኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። በዚያው ሳምንት ልጇ የሠራላትን የብሎኬት ቤት ትታ፣ ቁርበቷን ይዛ ከራሷ ፈረስ ጋር በረት ገባች።

ከእህቴ ጋር በዚህ ነገር እንደማይቀለድ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ መንታ ነበርኩ። ገና ሳንድህ፣ እናታችን ውጭ ሳለች፣ ቤታችንን የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። እህቴ ያኔ የወተት ጥርሷን የቀየረች ልጅ ናት፤ ገብታ አንዳችንን ይዛ ወጣች። የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛው እዚያው ቀረ። በቤታችን የሚታወቀው ይህ ብቻ ነው። ሌላውን ማንም አልጠየቀም፣ እሷም አልተናገረችም። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ስወፍር ከሁለታችን የተሻለው እኔ ስለሆንኩ ነው የተመረጥኩት እያልኩ እቀልድ ነበር፤ ስከሳ ደግሞ ተሳስታ ነው እላለሁ። ቀልዱ የማያስቀኝ ብቻዬን ስሆን ነበር። አንዳንዴ ከእንቅልፌ ስነቃ ከጎኔ ያለው ቦታ የሞቀ ይመስለኛል። ሚስት ከማግባቴም በፊት እንዲሁ ነበር፣ ሚስቴ ካረፈች በኋላም እንዲሁ ነው።

ሱሪዬን በሁለቱም እግር አስገብቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቄ ሚኒባስ ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ ረዳቱ «መምህር፣ የፈረሱ ነገር እውነት ነው?» አለኝ። ወሬው ቀድሞኝ ተሳፍሯል።

መንገድ ላይ እንደ ልማዴ ሒሳብ ጀመርኩ። ይህን ሒሳብ ከፍልሰታ ወዲህ ሳልሠራው የዋልኩበት ቀን የለም። ፀሐይ በየአሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ የምትነሳ ከሆነ፣ ከአሁኑ ወደ ኋላ እየቀነስኩ ስሄድ ቤታችን የወደቀበት ዓመት የቁጣዋ ዓመት ላይ ያርፋል ወይ? ካረፈ ያደረገችው ፀሐይ ናት፤ አንዲት ትንሽ ልጅ በዘረጋችው እጅ የተወሰነ ነገር የለም ማለት ነው። ችግሩ የእኔ የልደት ዓመት ነው። ትምህርት ቤት ስገባ እጄ በራሴ ላይ ዞሮ ሌላኛውን ጆሮዬን ስለነካ ደርሷል ተብሎ የተጻፈልኝ አንድ ዓመት አለ። ለጡረታ የተጻፈ ሌላ ዓመት አለ። እህቴ የምትለው ደግሞ ሦስተኛ ነው። በአንዱ ብቆጥር ፀሐይ ጥፋተኛ ትሆናለች፣ በሌላው ነፃ ትወጣለች። የፈለግሁትን ፍርድ ለማግኘት ዕድሜዬን መቀየር ብቻ ነው ያለብኝ። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ሥራ ይዘውልኝ ቢመጡ ዜሮ ነበር የምሰጣቸው።

ከአዲስ ቅዳም ባጃጅ ይዤ ጠጠሩ መንገድ እስከሚያልቅበት ሄድኩና ቀሪውን በእግሬ ገባሁ። ድሮ ገብስና ድንች የነበረው ማሳ አሁን ሁሉም ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው፤ ይተከላል፣ ይቆረጣል፣ ከሰል ይሆናል። በዛፎቹ መካከል አፈር የለበሱት የከሰል ክምሮች ከሥራቸው ይጨሳሉ። እሳት አይታይም፤ መሬቱ ራሱ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። አንዱ ከሰል አክሳይ ክምሩ ላይ ቆሞ በእግሩ ቀስ አድርጎ ይረግጠዋል። ከታች ተቃጥሎ የጎደጎደ ቦታ ካለ ሳይደረመስ ማወቅ አለበት። እኔም ሳላውቀው እሱ እንደሚረግጠው እየረገጥኩ መሄድ ጀመርኩ። ዘንገናን ለተማሪዎች እያሳየሁ «ይህ ሐይቅ የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ነው፣ ከተዘጋ ቆይቷል» ስል ኖሬያለሁ። መዘጋቱን ማን እንደነገረኝ ግን በዚያች መንገድ ላይ ትዝ ሊለኝ አልቻለም።

በረቱ የቀርቀሃ ፍልጥ ግድግዳ ነው፣ ጣራው ሣር። እህቴ ከፈረሱ ማዶ ቁርበት ላይ፣ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ፊቷ ቀልቷል፤ ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ የሚፈላ ነገር ይሰማል።

«መጣህ ወንድምዓለም?» አለችኝ። «ሱሪህን በሁለቱም እግር ነው የለበስክ?»

«ይህስ ደግሞ በምን ደረሰሽ?»

«በኔትወርክ ነዋ። ለመርዶ ሲፈለግ የለም፣ ለአንተ ጉድ ሲሆን ይመጣል።» ሳል አቋረጣት። ትንፋሿ ሲመለስላት ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። «እና ራስህ ሮጠህ ከቤትህ ወጥተህ እኔን ግቢ ልትለኝ መጣህ?»

«ፈረስ እኮ ነው እታለም።»

«ስትሮጥ ፈረስ መሆኑን ታውቅ ነበር?»

ልጇ ከበረቱ በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ይለምነኛል። ከእሱ ኋላ የብሎኬት ቤቱ ይታያል፣ ሊሾው ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮው ገና ያበራል። ከተማ የቀን ሥራ ሠርቶ ነው የሠራላት።

«ድንቹ ቀልድ ነው» አልኩ። «የፀሐይዋ ነገር ይባላል እንጂ የተረጋገጠ አይደለም። ሰዎች ቁጭ ብለው ቆጥረዋል። ዝናቡም ቢሆን አንዳንድ ቦታ ትንንሽ ንዝረት ያበዛል ቢሉ እንጂ፣ በዚህ ወር እዚህ ቦታ ይመጣል ብሎ መናገር የሚችል ሰው የለም።»

«አይመጣምስ ብሎ መናገር የሚችል አለ?»

«...የለም።»

«እንግዲያው አንተ ማል። በዚህ ወር አይመጣም ብለህ ማልልኝና እገባለሁ።»

መማል ቀላል ነበር። ልጇም «ይማሉላት እንጂ አጎቴ፣ ምን ይጎዳዎታል?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ለትንሽ ለትልቁ ስምል ኖሬያለሁ፤ ትናንትና እንኳ ለሥጋ ሻጩ ምዬለታለሁ። ለእሷ ግን አልወጣ አለኝ።

«አልምልም» አልኩ።

«እንግዲያስ ሣር ይውደቅብኝ» አለች። «ሣር አይገድልም።»

ይህ ደግሞ ትክክል ነው። ቀርቀሃና ሣር ቢወድቅ ሰው አይገድልም፤ ብሎኬት ይገድላል። ነገር ግን እህቴን እየገደላት ያለው የሚወድቅ ነገር አልነበረም። በቀርቀሃው መካከል የሚገባው ንፋስ ጋቢዋን ሲያነሳው አያለሁ።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ፈረሱ ዞር ብሎ አየኝና ወደ ድርቆሹ ተመለሰ። ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅኋት። «ያን ለት ምን ሆነ?»

እኛ ስንቆጣ አማርኛ እንናገራለን፣ ስንፈራ ወደ አገውኛችን እንመለሳለን። ስትጀምር በአገውኛ ነበር።

እናታችን እኔንና መንታዬን አንድ መደብ ላይ አስተኝታን ወደ ጎረቤት ወጥታለች። መሽቷል። እህቴ ደጃፉ ላይ ነበረች። መጀመሪያ ውሾቹ ዝም አሉ። ከዚያ እግሯ ሥር ያለው መሬት እንደ ጀርባ ቆዳ ተንሸራተተ። ሮጣ ገባች። ከመደባችን ማዶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ጎታው ቆሟል፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የእህል ማከማቻ። እሷ እጇን ስትሰድ ጎታው መጣ።

«ጭቃ ነበር» አለች። «እግሬ ጭቃ ነበር፣ ያዳልጠኝ ነበር። ክረምት ሲወጣ ነው። ለዚህ ነው ወሩን የማውቀው። ከዚያ ገብሱ በላዬ ፈሰሰ። በጆሮዬ ገባ፣ በአፌ ገባ። እማማ ከፀጉሬ ውስጥ ስትለቅም ከረመች። እየለቀመች ታለቅስ ነበር።»

ልጇ ከበሩ ፈቀቅ ብሎ ሄደ። እናቱ ይህን ስታወራ ሰምቶ አያውቅም።

እኔ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። የሙት ነገር እየሰማ ሒሳብ የሚሠራ ጭንቅላት ነው ያለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«ገብሱ ብዙ ነበር?»

«ብዙማ! ጎታው ሙሉ ነዋ። ባዶ ጎታማ ምን ያደርግ ነበር?»

«እታለም» አልኩ፣ «ክረምት ሲወጣ ሙሉ ጎታ ያለው የማን ቤት ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። ገበሬ ናት፤ ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። በእኛ አገር በጳጉሜ ጎታ ይጠረጋል። ሴቶቹ እጃቸውን ሰደው የመጨረሻዋን ፍሬ ሲቧጥጡ ከውጭ ይሰማል። ገብሱ ገና ማሳው ላይ ነው፤ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎታው እስኪሞላ ኅዳርም ይደርሳል፣ ከዚያም ያልፋል። ያ ጎታ ሙሉ ከነበረ ወሩ ይህ ወር አይደለም። የበጋ ልብ ውስጥ ነበርን። ዕድሜዋን ሙሉ ክረምት በወጣ ቁጥር ስትፈራ የኖረችው የተሳሳተ ወር ነው።

አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ድሮ ዳንግላ ሳስተምርበት የነበረው ክፍል ውስጥ ቆሜ ሰሌዳው ላይ መልሱን የጻፍኩ መሰለኝ።

እህቴ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ወሮቹን ቆጠረች። «ጭቃውስ?» አለች። «እግሬ ጭቃ ነበር።»

«አላውቅም። በበጋም ይዘንባል። ወይ የፈሰሰ ውኃ ይሆናል።»

«ታዲያ» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆኖ፣ «መቼ ልፍራ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ፍርሃቷ እስከዚያ ቀን ድረስ ቤት ነበረው። በአንድ ወር ውስጥ ተቀምጦ የቀሩትን ትቶላት ኖሯል፤ አርሳ፣ ወልዳ፣ ልጅ ድራ የኖረችው በቀሩት ውስጥ ነው። እኔ መጥቼ አጥሩን ነቀልኩና በዓመቱ ሁሉ ላይ ለቀቅሁባት። ያኔ ነው እኔም ለምን ፀሐይዋን እንደምቆጥር የገባኝ። እኔም ወር እየፈለግሁ ነበር። የምትመጣበት ጊዜ የተቆረጠላት መዓት፣ ባትመጣም እንኳ፣ ሰው ይዟት ይኖራል።

«አላውቅም እታለም» አልኩ። ከአንድ መምህር አፍ በአንድ ቀን ይህን ያህል አላውቅም ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሌላውን ጠየቅሁ። «እኔን ለምን መረጥሽኝ?»

«ምኑን?»

«ከሁለታችን።»

አፍጥጣ አየችኝ። «ምን ልመርጥ? ጨለማ ነው እኮ! እጄ የያዘውን ይዤ ወጣሁ። አንተ መሆንህን ያየሁ ደጅ ወጥቼ ነው።» ከዚያ ዓይኗ ውስጥ የድሮዋ ተንኮለኛ ብልጭ አለች። «አይቼ ቢሆንማ እሱን ነበር የማወጣ። እሱ እንዳንተ አለቃቃሽ አልነበረም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቋ ወደ ሳል ዞረና እንዳይሰብራት ጀርባዋን ይዤ ቆየሁ። አጥንቷ ከጋቢው ሥር እንደ ቀርቀሃው ፍልጥ ነው። ሳሉ ሲተዋት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የቀረውን ተናገረች።

«ታቀያይራችሁ ነበር እማማ። በበሩ በኩል ብርድ ይገባል፤ አንድ ሌሊት አንተን ከበር፣ አንድ ሌሊት እሱን። ሙቁ ከውስጥ፣ ከጎታው ሥር ነው። ያን ለት የብርዱ ተራ ያንተ ነበር። ነገውን ወደ ውስጥ ትገባ ነበር።» ትንሽ ተነፈሰች። «ነገው አልመጣም። እኔ እስካሁን ነጋ ብዬ አላምንም።»

ፈረሱ ድርቆሹን ያኝካል። እኔ ጋቢዋን በንፋሱ በኩል ሸፈንኩላት።

«እገባለሁ» አለች በመጨረሻ። «ግን አንተም ትመጣለህ። በር በኩል እኔ እተኛለሁ። አንተ ከውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር። ተራህን ከውስጥ ተኝተህ ሲነጋ ስትነሳ ልይህ። ያን ካየሁ በየትኛውም ወር እተኛለሁ።»

«እሺ» አልኩ። ይህን መማልም አላስቸገረኝም።

ልጇ አቅፎ አገባት። ሚስቱ ሁለት አልጋ አንጥፋ፣ ከሰል አቀጣጥላ ደጅ ላይ ጭሱን ስታስወጣ ቆይታ ነበር። እህቴን መድኃኒቷን እስክትወስድ ብለው ለጊዜው ከውስጠኛው አልጋ ላይ አስቀመጧት። መድኃኒቱን ዋጠች፣ ትኩስ አጥሚት ጠጣች፣ ራሷን ጋደም አደረገች፣ ማንም ሳይነካት እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ያህል ቀን ብርድ ሲገርፋት የቆየ ሰውነት ሙቀት ሲያገኝ ከባለቤቱም ጋር አይማከርም።

«አጎቴ» አለኝ ልጇ በሹክሹክታ፣ «እማዬ በር በኩል ነኝ ብላ አልነበር? እንቀስቅሳት?»

«ተዋት» አልኩ። «ስንት ቀን ሳትተኛ! ይህ ይቀሰቀሳል?»

ይህ ለሰው የምናገረው ነው፤ ሐሰትም አይደለም። እውነቱን ከፈለጋችሁ ግን ያን የውስጥ ግድግዳ አይቼዋለሁ። ጎታ የለበትም። አንድ የማዳበሪያ ከረጢትና አንድ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው ያለው፤ ብሎኬቱም ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው የሚፈራው ነገር የለም። እኔም ይህን ሁሉ አውቄ ፍራሼን ጎትቼ በሩ ሥር አነጠፍኩ። ጫማዬንም አላወለቅሁም።

ጠዋት የነቃሁት በድምፅዋ ነው። «በሩ ላይ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እታለም። ነጋ እኮ። ደህና አደርሽ?»

ዙሪያዋን አየች፣ የተኛችበትን አየች፣ እኔን አየች፣ ጫማዬን አየች። «አንተ ቀጣፊ» አለች። «ይህ ሌሊት አይቆጠርም።»

ከዚያ በኋላ በረት አልተመለሰችም። ሙቀቱን የቀመሰ ሰውነቷ እምቢ አላት መሰለኝ፤ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሳሉም እየላላ ሄዶ ለመስቀል በምርኩዟ ደመራው ድረስ ወጣች። አሁን የምትተኛው በበሩ በኩል ነው። የውስጠኛውን አልጋ ግን ለማንም አትሰጥም። እንግዳ ሲመጣ ወለሉ ላይ ይነጠፍለታል፤ የልጅ ልጆቿ ሊዘሉበት ሲወጡ ታባርራቸዋለች።

ኔትወርክ ባለ ቁጥር ትደውልልኛለች። ሰላምታውን ታስረዝመዋለች፣ የፈረሱን ነገር አንስታ ትስቅብኛለች፣ ከዚያ «ተራህን መቼ ትተኛለህ?» ትለኛለች። እኔም እላታለሁ፤ ጭቃው ይድረቅ። ገብሱ ይግባ። ጥምቀት ይለፍ። ጉልበቴ ይሻለኝ። አንድ ሌሊት ነው ያለብኝ፣ ያውም በሙቅ ቤት፣ ያውም ፍራሽ ላይ። «እሺ፣ ይሁን» ብላ ትዘጋዋለች። ልጇ እንደሚነግረኝ አልጋውን በየማታው አራግፋ እንደ አዲስ ታነጥፈዋለች።